ቀለም ላይ ያሰርኩት ሽቦ

ሽማግሌው ከጋራዡ የወጡ ቀን የዕቃ ሳጥናቸውን ተሸክሜ እስከ ባጃጁ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሳጥኑ ከባድ ነበር። ጭኜላቸው ስጨርስ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ተባረክ፣ እጅህ አይድከም» አሉኝ። «አሜን» አልኩ። ባጃጁ ታጥፎ እስኪጠፋ ቆሜ እጄን አወዛወዝኩ። ያን ጊዜ እውነቱን የማውቀው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር።

የምሠራው አቃቂ በሰቃ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ብዙም በማይርቅ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሙያዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ሞተር የሚሠሩት ደግሞ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው እኒህ ሽማግሌ ነበሩ። አባታቸው በባቡር ሥራ ምክንያት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠሩ፤ ከዚያ ወጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ መካኒክ ሆኑ። መኪና ገና ከበር ሲገባ ድምፁን ሰምተው ሕመሙን ይናገራሉ። እኔ ከሙያ ኮሌጅ ተመርቄ የሚቀጥረኝ አጥቼ ከጋራዥ ጋራዥ ስንከራተት፣ ለባለጋራዡ «ይኼን ልጅ ያዘው፣ እኔ እቆምለታለሁ» ብለው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው።

ኤሌክትሪክ ግን አይነኩም ነበር። «ዘይት የነካው የኔ፣ ሽቦ የነካው ያንተ» ይሉኛል። በሽቦ ጉዳይ እኔ ያልኩት ያለቀለት ነው፤ ለምን፣ እንዴት ብለው አያውቁም። ሰው ካመኑ ያምናሉ።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ሚኒባሷን አስጎትታ መጣች። በዕድሜ እኩያዬ ናት። መኪናዋን ራሷ ነው የምትነዳው፤ ጠዋት ከአቃቂ የፋብሪካ ሠራተኞች ጭና ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ታደርሳለች፣ ሲወጡ ትመልሳቸዋለች። ሞተሯ ውሃ ጨርሶ፣ ሞቆ፣ ከጥቅም ውጭ ሆኖባታል። ሌላ ሞተር ፈልጋ አመጣች፤ ጋሼ አሮጌውን አውርደው አዲሱን ገጠሙላት። ሥራቸው እንደ ሁልጊዜው የጠራ ነበር።

የቀረው የኔ ነው። የድሮው ሞተር የነዳጅ ፓምፑን በራሱ ጉልበት የሚያንቀሳቅስ ዓይነት ነበር። አዲሱ ግን ታንከሩ ውስጥ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይፈልጋል። ስለዚህ ከፊት እስከ ኋላ አዲስ ሽቦ መዘርጋት ነበረብኝ። ፓምፑ ሁለት ሽቦ አለው። አንዱ ከባትሪው ከረንት ያመጣለታል። ሌላው፣ ኔጌቲቭ የምንለው፣ የመኪናው አካል ላይ በቡሎን ይታሰርና ከረንቱ በእሱ በኩል ይመለሳል። የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት መሆን አለበት። ቀለም ካለ ከረንቱ እንደልቡ አያልፍም፤ ፓምፑ ይዞራል፣ ግን አቅም ያጣል። ይኼን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት እንኳ አያስፈልግም።

ያን ሰሞን ባለጋራዡ በደንበኞች ፊት «ዘንድሮ ቤቱን የያዘው ኤሌክትሪክ ነው» እያለ ሲያወድሰኝ ሰንብቷል። ልቤ አብጦ ነበር። ሌሎች መኪኖች እየጠበቁኝ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ጨርሼ መታየት ፈለግኩ። ቀለም የምፍቅበት ብርጭቆ ወረቀት ግቢው ማዶ የቆመ ሌላ መኪና ውስጥ ቀርቷል። ሄጄ ማምጣት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሰነፍኩ። «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ሽቦውን ቀለሙ ላይ አድርጌ ቡሎኑን አጠበቅኩት።

ረሳሁት ብል ደስ ባለኝ። ግን አልረሳሁትም፤ ቤቴ ገብቼ እራት እየበላሁ ትዝ ብሎኛል። ነገ እሠራዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ሴትየዋ መጣች፣ ሞተሩ በመጀመሪያ ሙከራ ተነሣ፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ ባለጋራዡ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ዝም አልኩ። መኪናው ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በጭነት መኪና ተጎትቶ ተመለሰ።

«የቂሊንጦ መንገድ ላይ እየሄድኩ ጉልበት አጣና ጠፋ» አለች ሴትየዋ። ላብ በላብ ሆናለች። «ትንሽ ሲያርፍ ይነሣል፤ ደግሞ ይጠፋል። ሠራተኞቹን መንገድ ላይ አውርጃቸው በእግራቸው ሄዱ። አንዷ የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም፤ አርፍዳ ገባች።»

ጋሼ ሞተሩን ከፍተው አዩ፣ አዳመጡ። «የነዳጅ እጥረት ይመስለኛል» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ፓምፑን እስቲ እየው ልጄ።»

የከረንት መለኪያ ቴስተሬን ይዤ ከኋላ ሥር ገባሁ። ቀዩን ጫፍ ከረንት በሚያመጣው ሽቦ ላይ አስነካሁ፤ ጥቁሩን በቅርብ ያገኘሁት ንጹሕ ብረት ላይ። ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ መጣ። ጥቁሩን ጫፍ እኔው ራሴ ባሰርኩት ቡሎን ላይ ባስነካው ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ባለቀ ነበር። ከረንቱ የሚመጣበትን መንገድ እንጂ የሚመለስበትን አልለካሁም። አውቄ ነው የተውኩት ብዬ መማል አልችልም፤ አላወቅኩም ብዬም አልምልም። እጄ ወደዚያ ቦታ መሄድ አልፈለገም።

ወጥቼ ቱታዬን እያራገፍኩ «ከረንቱ ሙሉ ነው» አልኩ። «ከኔ በኩል ምንም የለም።»

«እርግጠኛ ነህ?» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ቴስተር አይዋሽም።»

በቃ፤ አመኑኝ። ታንከሩን አወረዱ፣ ማጣሪያውን አጠቡ፣ የነዳጁን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በአየር ነፉት። ቤንዚኑ ክንዳቸው ላይ እየወረደ ቆዳቸውን አንጨረጨረው። መልሰው ሲገጥሙት መኪናው ተነሣ። ምናልባት ታንከሩ ሲወርድና ሲወጣ ሽቦው ተነቃንቆ ትንሽ ብረት አግኝቶ ይሆናል። ሁለት ቀን በሰላም ሠራ። በሦስተኛው ቀን ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከፊትም ከኋላም መኪና በተጨናነቀበት ሰዓት፣ እንደገና ጠፋ።

አሁን ሴትየዋ የመጣችው ተቆጥታ ነው። ግቢው ውስጥ ሌሎች ደንበኞችም ነበሩ። ጋሼ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው» አለች። «ግን ዓይንዎ ከደከመ፣ ጆሮዎ ከደከመ፣ ሥራውን ለሚችል ሰው ቢተዉልኝ ምን ነበረበት? እኔኮ ሰው ነው የምጭነው!»

ጋሼ ከእሷ ዞር አሉ። ወደኔ ነው ያዩት። ያን አስተያየት አሁንም አየዋለሁ፤ የሚጠይቅ ነበር እንጂ የሚከስ አልነበረም። ሙያዬን ነበር የሚጠይቁኝ።

እኔ እሳቸውን ትቼ ለእሷ መለስኩላት። እዚያው አጠገቤ ቆመው እያሉ፣ እንደሌሉ ቆጥሬ፣ «ጋሼ የለመዱት የድሮውን ሞተር ነው» አልኳት። «ይኼኛው ትንሽ ከበዳቸው መሰለኝ።»

አንድ ደንበኛ ሳቅ አለ። ባለጋራዡ አንገቱን ነቀነቀ። ጋሼ ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን በዱቄት ሳሙና ታጠቡ፤ ያለወትሯቸው ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ሲመለሱ «እሺ። እንደገና አየዋለሁ» ብቻ አሉ።

ሁለት ቀን ሙሉ አዩት። ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ተኝተው፣ የገጠሙትን እየፈቱ የፈቱትን እየገጠሙ። ሲነሡ ጎማውን ይዘው ነው የሚነሡት። የዕድሜያቸውን ነገር ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አጠገባቸው ሌላ መኪና እየሠራሁ ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። ሞተሩን እያናገሩ፣ «ምን አድርጌህ ነው?» ሲሉ አንድ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ሁሉም ለመብላት ወጡ። ጋሼም ወጡ። እኔ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ቁልፉ መኪናው ላይ ነበር። ሞተሩን አስነሥቼ ከኋላ ሥር ተንሸራትቼ ገባሁና ያን ቡሎን ፈለግኩት። ጣቴን ሳስነካው ፈጀኝ። በዙሪያው ያለው ቀለም ጠቁሮ ተኮማትሯል፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ይሸታል። የፓምፑ ድምፅ ደግሞ እንደታመመ ሰው የቀጠነ ነበር። ጋሼ የነዳጅ እጥረት ነው ያሉት በጆሯቸው ብቻ ነው። ልክ ነበሩ።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግልጽ ነበር። ጋሼ ሲመለሱ ጠርቶ ማሳየት፤ «የኔ ጥፋት ነው» ማለት። ሦስት ቃል ነው።

ተነሥቼ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ብርጭቆ ወረቀቱን አመጣሁ። ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፋቅኩት፤ የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍ ቆርጬ አዲስ አሰርኩ፤ አጠበቅኩት። ሞተሩን ሳስነሣ የፓምፑ ድምፅ ሞልቶ ወጣ። ሁሉም ነገር አለቀ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና የሠራሁትን አየሁት። አዲስ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ብረቱ ያበራል። መሬት ላይ ከፈሰሰው አሮጌ ዘይት በጣቴ ነካሁ፤ ከአፈር ጋር ለወስኩት፤ ቡሎኑንና አዲሱን ሽቦ ቀባሁት። አሮጌ እስኪመስል ድረስ፣ ተጠንቅቄ፣ ጊዜ ወስጄ። ያን ቀን ሙሉ ያን ያህል ተጠንቅቄ የሠራሁት ሌላ ሥራ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ የፈቱትን ገጥመው ጨረሱና መኪናውን ይዘው ወጡ። እስከ ቱሉ ዲምቱ ሄደው ተመለሱ። አልጠፋም። በማግስቱም አልጠፋም።

ሴትየዋ መኪናዋን ልትወስድ ስትመጣ «ምን ሆኖ ነው?» አለቻቸው።

ሌላ መካኒክ ቢሆን የሆነ ነገር ፈጥሮ ይነግራት ነበር። ጋሼ ግን «አላወቅኩትም» አሉ። «ከኔ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ስገጥመው የሆነ ነገር አበላሽቼ ይሆናል። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።»

አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ዕቃ የምፈልግ መሰልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ቶሎ ነው የሆነው። ባለጋራዡ ለጋሼ ቀላል ቀላል ሥራ ብቻ ይሰጣቸው ጀመር። ደንበኞች ሲመጡ «ሌላ መካኒክ የለም?» ይላሉ። ጋሼ ራሳቸውም ተለወጡ። አንድ ቡሎን አጥብቀው ሄደው ተመልሰው ያዩታል፤ እንደገና ያዩታል። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሊጀምሩ መጥተው፣ ቱታቸውን ሳይለብሱ «እኔስ ይብቃኝ» አሉ። ሳጥናቸውን የተሸከምኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ሁለት ወር ያህል ኖርኩ። ኖርኩ ነው የምለው፤ ሥራዬን እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እስቃለሁ። ሴትየዋ በበራችን ስታልፍ ጡሩምባ ነፍታ እጇን ታነሣልኛለች። አንዳንዱ ደንበኛ ጋሼን ሲጠይቅ የጋራዡ ልጆች «አርጅተው ዓይናቸው ደከመ እኮ» ይላሉ። ይኼ ወሬ ከኔ አፍ እንደወጣ አውቃለሁ። አንድም ጊዜ «አይደለም» አላልኩም።

በወሩ አምስተኛ ቀን ሳሪስ አቦ ልሳለም ሄድኩ። ስወጣ የጋሼን ባለቤት አገኘኋቸው። ሰላም ብዬ ደኅንነታቸውን ስጠይቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ምን ይደረግ ልጄ» አሉ። «ቤት ነው የሚውለው። ጎረቤታችን መኪናዬን እዩልኝ ብሎ ለመነው፤ እጄን አላምነውም ብሎ መለሰው። በቀደም ደግሞ ማታ ቁጭ ብሎ ‘ያን ሞተር ምን አድርጌው ይሆን?’ ይለኛል። እስከ ዛሬ ያስባል! እስቲ አንተ ጎራ በልና አጫውተው። አንተን ይወድሃል።»

«እመጣለሁ» አልኩ። የቅጥሩን ግንብ ተደግፌ ቆየሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን ለራሴ የማስረዳው እንዲህ ብዬ ነበር፤ አርጅተዋል፣ መቼም አንድ ቀን ማረፋቸው አይቀርም። እሳቸው ግን አላረፉም። ያላጠፉትን ጥፋት ቤታቸው ቁጭ ብለው እየፈለጉ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ተነሥተው ሳሙኝ። ባለቤታቸው ሻይ ሊያመጡ ገቡ። ቀድሜ ካልተናገርኩ እንደማልናገር ስላወቅኩ ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ የዚያች ሚኒባስ ጥፋት የኔ ነው።»

አልገባቸውም። «የቷ?»

ነገርኳቸው። ሽቦውን ቀለም ላይ ማሰሬን፣ ስለካ ያደረግኩትን፣ በምሳ ሰዓት ማግኘቴን። አፈሩንና ዘይቱን ልዘለው አስቤ ነበር፤ ግን እሱንም ነገርኳቸው። ሳወራ ዓይናቸውን ማየት ስላቃተኝ ጫማዬን ነበር የማየው።

ከዚያ እንደ መካኒክ ጠየቁኝ።

«ትንሽ ሲያርፍ የሚነሣው ለዚያ ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታንከሩን ሳወርደው ሁለት ቀን የሠራውስ?»

«ሽቦው ተነቃንቆ ይመስለኛል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነዳጅ ነው ብዬ ነበር» አሉ፤ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። ድምፃቸው ውስጥ እፎይታ ነበር። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ያለቀልኝ መሰለኝና ቀና አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያዩኝ።

«ሽቦ ማሰር ማንም ይሳሳታል። እሱን ትቼልሃለሁ» አሉ። «ያን ቀን ምሳ በልቼ ስመለስ ለምን አልነገርከኝም ብዬም አልጠይቅህም፤ ፈርተህ ነው። አፈሩን የቀባኸው ግን ለምንድን ነው?»

እንደገና ጫማዬን አየሁ።

«እኔ እንዳላይ ነው» አሉ ጋሼ። «በሽቦ ያልከኝን ሁሉ የማምንህ ሰውዬ እንዳላይ።»

ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ወጡ። ጋሼ «ይሄዳል፣ ሥራ አለው» አሏቸው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ሰማሁ። የሰደቡኝ ግን እዚያ ነው። ሂድና እዚያ ንገር» አሉኝ። እስከ በር አልሸኙኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ባሉበት ተናገርኩ። ባለጋራዡ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ሲገባው «እኔስ ምን ብዬ ነው እሳቸው ፊት የምቆመው?» አለና ወደ ቢሮው ገባ። የጋራዡ ልጆች ወደየሥራቸው ተበተኑ። ለሴትየዋ ደውዬ እንድትመጣ ለመንኳት፤ ሠራተኞቿን አድርሳ መጣች። ስነግራት ቁልፏን ጨብጣ ቆማ ሰማችኝ።

«እኔ ያን ሰውዬ በሰው ፊት ዓይንዎ ደከመ አልኳቸውኮ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ይቅርታ ሲጠይቁኝ አጠገባቸው ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

አልሰደበችኝም። የጋሼን ቤት ብቻ አሳየኝ አለች። እስከ መታጠፊያው ወሰድኳት፤ ከመኪናው ወርዳ በሩን ስታንኳኳ ከሩቅ አየሁ። ጋሼ ሲከፍቱላት እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች፤ ክንዷን ይዘው አነሧት። እኔ ተመለስኩ።

ባለጋራዡ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ እንዲመለሱ ለመናቸው። ጋሼ በአክብሮት ተቀብለው፣ አብልተው፣ አይሆንም አሉት። ከዚያ ግን ትንሽ ትንሽ እያሉ በራፋቸው ላይ የጎረቤት መኪና ማየት ጀመሩ። አሁን ሰው ከሳሪስም ከገላንም እየመጣ ይሰለፍላቸዋል ይባላል።

እኔ በየበዓሉ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። ይቀበሉኛል፣ የቀረበውን እበላለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት በዓል ስሄድ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ። እኔ እኮ በዕድሜ ልጃቸው እሆናለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሰማ ጨዋታ ይመስለዋል። ባለቤታቸው ግራ ተጋብተው አዩዋቸው፤ እሳቸው ግን እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ሳህኑን ወደኔ ገፋ አደረጉ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ናቸው፤ አንድም ጊዜ አልተቆጡኝም፣ አንድም ጊዜ «አንተ» አላሉኝም።

ሴትየዋ ወደ ጋራዣችን መምጣት ካቆመች ቆይታለች። ሚኒባሷን ጋሼ በራፍ ላይ ቆሞ አየዋለሁ። የሽቦውን ሥራ ከቃሊቲ የሚመጣ ሌላ ሰው ነው የሚሠራላት።